ከፊውዝ የሚፈጥን ሣጥን

ቅዳሜ፣ ደመና

እኔ የዚህ ደብተር ባለቤት፣ በሙሉ ጤናዬ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ የሚከተለውን እናዘዛለሁ። ለእንግዳ ተብሎ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ የተደበቀውን ብስኩት የበላሁት እኔ ነኝ። አይጥ አይደለችም። እናቴ አይጧን ስትረግም እኔም አብሬ ረግሜያለሁ፤ ይኸም በክሱ ላይ ይደመርብኝ። ይሁን እንጂ አንዱን ትቻለሁ። አንዱን መተዌ ለቅጣት ማቅለያ ይያዝልኝ።

እንግዳው የእህቴ እጮኛ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ደብተሬ ንጹሕ ነው። ቮልት ብዬዋለሁ። ሥራው ሊፍት መጠገን ነው። ወሬውም እንደ ሥራው ነው፤ ጥሩ አድርጎ ይነሣና ሁለት ፎቅ መካከል ላይ ቆሞ ይቀራል። ከዚያ እህቴ ናት በር ከፍታ የምታወጣው።

ዛሬ ግን የመጣው ለእህቴ ሳይሆን ለአባዬ ነው። ባለፈው ሳምንት መብረቅ ወርዶ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ ቴሌቪዥን ተቃጠለ። መብረቁ የወደቀው ሩቅ ነው፤ በሽቦ ተሳፍሮ ነው የመጣው። ቤቷ እስከ ዛሬ የተለበለበ ፀጉር ይሸታል። አባዬ ሊያጽናናት ሄዶ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ለቴሌቪዥኑ አዝኖ እንዳይመስልሽ፣ ደብተሬ። ስለ አምፕሊፋየሩ እያሰበ ነው።

አባዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው የሚሠራው። የሰፈራችን አሮጊቶች ግማሾቹ የሚስቁት በአባዬ ሳቅ ነው። ቀን ጥርስ ሲሞርድ ይውልና ሲመሽ ሸክላ ማጫወቻው ፊት ይቀመጣል። የሸክላውን ድምፅ የሚያጎላውን አምፕሊፋየር የሠራለት የልጅነት ጓደኛው ነው። ሰውየው ሞቷል፤ ውስጡ ያለውን ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካም ተዘግቷል። ከተቃጠለ ተቃጠለ ነው። እና አባዬ መከላከያ ሊገዛ ቆረጠ። የትኛው እንደሚሻል ማንን ጠየቀ? ቮልትን።

እኔ ደግሞ የዚህ ቤት የመብረቅ ጉዳይ ኃላፊ ነኝ። ነጎድጓድ ሲሰማ ድምፁን እቀንሳለሁ፣ መርፌውን ከሸክላው አነሣለሁ፣ አምፕሊፋየሩን አጠፋለሁ፣ በመጨረሻ ስፒናውን ከግድግዳው እነቅላለሁ። ቅደም ተከተሉን ያስተማረኝ አባዬ ነው። «ፊውዝ» ብሎ ስም ያወጣልኝም እሱ ነው። እናቴ «ቶሎ ስለምትቃጠይ ነው» ትላለች። አባዬ «ቤቱን ስለምትጠብቂ ነው» ይላል። እኔ የአባዬን ትርጓሜ ተቀብያለሁ።

ይህን የምጽፈው ቀንቼ አይደለም። የሥራ ጉዳይ ነው።

እሑድ

የቤተሰብ ጉባኤ ተደረገ። እኔ ውኃ አቅራቢ ነበርኩ።

አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አለው። ሻንጣ የሚያህል ስታቢላይዘር አሸክሞ መጣ። አጎቴ ዘንድ ከባድ የሆነ ነገር ሁሉ ጥሩ ነው፤ ሐብሐብም ሲመርጥ እንደዚያው ነው። መብራት ዝቅ ሲል ከፍ ያደርጋል፣ ከፍ ሲል ዝቅ ያደርጋል፣ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ ብሎ ላቡን ጠረገ።

ቮልት ጉሮሮውን ጠራረገና፣ እሱ ቀስ ብሎ ለሚወጣና ለሚወርድ መብራት ነው፣ መብረቅ ግን በዓይን ጥቅሻ ነው የሚያልፈው አለ። «ስታቢላይዘሩ መርዶውን የሚሰማው ከቀብር መልስ ነው።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ተረፍኩ። ለሱ ቀልድ ጥርሴን አላሳይም፤ ጥርሴ የአባዬ ሥራ ባይሆንም።

እናቴ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ነገር ማስረዘም አትወድም። ከግድግዳው ጋር ያልተገናኘ ነገር በምን ይቃጠላል፣ መንቀልን የመሰለ መከላከያ የለም አለች። ተነሥቼ ልስማት ምንም አልቀረኝ። ያኔ ቮልት በዚያ በለሰለሰ ድምፁ፣

«እሱስ ልክ ነዎት እትዬ። ግን ልጅቷ ሁልጊዜ ቤት አትገኝም» አለ።

ልጅቷ።

አባዬ ራሱን ነቀነቀ። «እውነቱን ነው» ማለቱ ነው። አይቻለሁ።

ማክሰኞ፣ በችኮላ

ነጎደ። ከኩሽና ሮጥኩ። ድምፅ፣ መርፌ፣ ማጥፊያ፣ ስፒና። አንዴም አልተሳሳትኩም። ቤት ነበርኩ! ልጅቷ ቤት ነበረች!

ማክሰኞ፣ ከራት በኋላ

ቀን የጻፍኩት ጩኸት ብቻ ነው፤ አሁን ረጋ ብዬ ልጻፈው።

ስፒናው ሲነቀል ዘፈኑ መሐል ላይ ይቋረጣል። አባዬ ግን አይቋረጥም። ከቆመበት ይቀጥላል፣ በአፍንጫው እያንጎራጎረ። እኔ አጠገቡ በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ ከበሮው እኔ ነኝ፤ በርጩማውን በጎን በጎኑ እመታለሁ። ዝናቡ እስኪያባራ አንዱን የሸክላ ፊት እንጨርሳለን። ከበሮው ብቻውን የሚገባበት ቦታ ሲደርስ አባዬ ዝም ይላል፤ እኔን ይጠብቃል። ሁልጊዜ አንድ ምት እዘገያለሁ፤ ሁልጊዜ ይናደዳል፤ ማለት የተናደደ ይመስላል።

ዛሬም እንዲሁ። ዝናቡ ቶሎ ማባራቱ ነው የከፋኝ።

ዕቃው ከተገዛ ነጎድጓድ መጣ ብሎ ማን ይነቅላል? ካልተነቀለ ደግሞ ማን ያንጎራጉራል? ይህን ማንንም አልጠየቅኩም። የሞኝ ጥያቄ ነው።

ሐሙስ

የአጎቴ ስታቢላይዘር ለሙከራ ተሰካ። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ከግራው ስፒከር «እምምም» የሚል ነገር አለ። «ትሰሚያለሽ?» አለኝ። እሰማለሁ አልኩ፤ እውነቴን ነው። ከዚያ ከቀኙም «እስስስ» የሚል አለ ብዬ ጨመርኩ። እሱ ፈጠራዬ ነው። ሁለቱም ዕቃዎች ባንዴ ከቤታችን እንዲባረሩልኝ ነበር ዓላማዬ፤ ገና ያልተገዛው የቮልት ምርጫም ጭምር።

ቮልት ከሥራ ሲመለስ ተጠርቶ አዳመጠ። የግራው አለ፣ የቀኙ የለም አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው፣ ወደ እኔ ሳያይ። የሌለውን ድምፅ የለም ማለት ምን አገባው?

አጎቴ ስታቢላይዘሩን ይዞ ሄደ። አኩርፏል። ደረጃው ላይ «ቀላል ዕቃ ቀላል ነው» ሲል ሰማሁት። ዛሬ በዚህ ምድር ላይ የሚረዳኝ አጎቴ ብቻ ነው።

ቅዳሜ

መጣ። በስጦታ መልክ። ያመጣው ቮልት ነው፤ እጁ በዕቃው ስለተያዘ ብስኩት አልያዘም።

ጥቁር ሣጥን ነው፤ ርዝመቱ እንደ ክንዴ፤ ስምንት ሶኬት ጀርባው ላይ፤ ፊቱ ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት። ቮልት ከጧት ጀምሮ ከግድግዳው ውጪ የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ሲቀጠቅጥ ዋለ። የመሬት ሽቦ ከሌለ ሣጥኑ የመጣበትን ኃይል የሚጥልበት ያጣል ይላል። አባዬ ዘንጉን ይዞለታል። የአባዬ እጅ እኮ በሰው ጥርስ ላይ የፀጉር ያህል እንኳ የማይስት እጅ ነው! ለቮልት መዶሻ አመቻችቶ ያዘው። እኔን ውኃ አምጪ አሉኝ። ሁለቱም ላባቸውን በአንድ ፎጣ ጠረጉ። በአንድ ፎጣ!

ከዚያ ትምህርት ተሰጠን። ሣጥኑ ውስጥ ለአምፕሊፋየሩ ሲል የሚሞት ነገር አለ። ምቱን እሱ ይቀበልና ወደ መሬት ይልከዋል። ትልቅ ምት ከሆነ ግን እሱ ራሱ ያልቃል፤ አረንጓዴዋ መብራት ትጠፋለች። ኃይሉ አይቋረጥም፣ ዘፈኑም ይዘፍናል፣ ጥበቃው ግን የለም። ስለዚህ መብራቷን አልፎ አልፎ ማየት ነው አለ።

«ፊውዝ ራሱ ይህን አይችልም ወይ?» አለ አባዬ።

«ፊውዝ እስኪነቃ ሁሉ ነገር አልቋል ጋሼ። ይኼ ከፊውዝ ይፈጥናል።»

ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝና ሳቁ። እህቴም። እናቴም በፎጣው አፏን ሸፈነች። ቮልት ምን እንዳሳቃቸው ዘግይቶ ነው የገባው፤ ፊቱ ቀላ፤ አንድ ነገር ሊለኝ ጀመረና እንደ ልማዱ ሁለት ፎቅ መካከል ላይ ቆሞ ቀረ።

ይህ ቅናት አይደለም። ሰው በሣጥን አይቀናም።

እሑድ

ነጎደ። ከወንበሬ ተነሣሁ። አባዬ እጁን አነሣና «ተይው» አለኝ።

ተውኩት።

ዘፈኑ በነጎድጓዱ ላይ ዘፈነ፣ እስከ መጨረሻው። ቮልት አባዬ አጠገብ ተቀምጦ ራሱን ይወዘውዛል። የት እንደተቀመጠ ልጻፈው? በርጩማዬ ላይ። ጉልበቱ ጆሮው ድረስ ወጥቶ፣ ፌንጣ መስሎ፣ በርጩማዬ ላይ። ሸክላው ሲያልቅ «ሌላውን ፊት ልገልብጠው አባዬ?» አለ።

አባዬ።

ትናንት ጋሼ ነበር። በዚህ ቤት «አባዬ» የሚሉ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለታችንም እዚሁ ተወልደን፣ እዚሁ ተገርፈን፣ እዚሁ ኩፍኝ ይዞን ያገኘነው ቃል ነው። እሱ መዳብ ቀጥቅጦ አገኘው።

አባዬ ደግሞ አልደነገጠም። «ገልብጠው ልጄ» አለው።

ራት አልበላሁም። ማንም አላስተዋለም። በኋላ ብቻዬን በላሁ።

ረቡዕ

ትናንት ማታ መብራቱ ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። ሲመጣ ግቢው ሁሉ እንደ ፎቶ ብልጭ አለና ከሣሎን «ጧ» የሚል ነገር ሰማሁ። ሮጬ ስገባ አባዬ ቀድሞኝ ሣጥኑ ፊት ተንበርክኳል። ምን ሆነ አልኩት። ምንም፣ ደህና ነው፣ ሂጂ ተኚ አለኝ። አምፕሊፋየሩን ሞከረው፤ ዘፈነ። እግዜር ይመስገን።

ዛሬ ጧት አቧራ ልጠርግ ብዬ ጎንበስ አልኩ። አረንጓዴዋ መብራት የለችም።

በጣቴ መታሁት። የለችም። ሞቷል!

የመጀመሪያ ሥራዬ መጨፈር ነበር፤ አልዋሽም። ሁለተኛው ማንም እንዳያየኝ ዙሪያዬን ማየት። ለማንም አልናገርም። ዓርብ ራት ላይ፣ ቮልት ባለበት፣ ሁሉም ባሉበት፣ ጉርሻው አፉ ሳይደርስ እንዲህ እላለሁ፦ ይቅርታ፣ ከፊውዝ የሚፈጥነው ዕቃ ለመሞትም ፈጣን ነው እንዴ?

መስተዋት ፊት ተለማመድኩት። ቅንድቤ ላይ ትንሽ ሥራ ይቀረዋል።

እስከዚያ ቢነጉድስ? እኔ አለሁ። ነቅዬ አድራለሁ።

ሐሙስ

ልብስ ስናጥፍ እህቴ ያለ ጠያቂ ታወራለች። ቮልት ይህን ሣጥን እስኪመርጥ ሳምንቱን ሙሉ ደክሟል፤ ከሚሠራበት ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ሦስት ዓይነቱን እየሰካ ድምፁን አዳምጧል፤ አባዬ ጆሮው ስል ስለሆነ እንዳያፍር። «አባዬን ይፈራዋል ማለት ነው?» አልኳት።

«አባዬንማ ለመደው» አለች። «አንቺን ነው የሚፈራው።»

ሰው እኔን ምን አድርጌው ይፈራኛል? የሸሚዙን እጅጌ ገልብጬ ነው ያጠፍኩት። ደግሞ ሸሚዙ ከመቼ ጀምሮ ነው ከእኛ ልብስ ጋር የሚታጠበው?

ዓርብ

ራት። ሁሉም ነበሩ። ቅንድቤን አዘጋጀሁ። አፌን ስከፍት ቮልት ከኪሱ አንድ ትንሽ ነገር አውጥቶ ፊቴ አኖረ። የሸክላ ብሩሽ ነው፤ ፀጉሩ እንደ ጥንቸል ጆሮ የለሰለሰ። «ሸክላውን የምታጸጂው አንቺ ነሽ ብሎኛል አባዬ» አለ።

ምንም አልተናገርኩም። ይሉኝታ ይዞኝ አይደለም፤ አፌ ውስጥ ዳቦ ነበረ።

አባዬ ግን ዛሬ ምን እንደነካው አላውቅም። ሳይጠየቅ ሣጥኑን ማወደስ ጀመረ። እንደ አንበሳ ይጠብቃል፣ ሰው በሰላም ተኛ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ አይቼ አላውቅም። እናቴም በማይመቻት ድምፅ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» ትላለች፤ ያላረመችውን ፈተና እንዳረመች አድርጋ ስታወራ የሚወጣት ድምፅ። ቮልት ደስታው ጆሮው ድረስ ደረሰ። እኔ ዳቦዬን ዋጥኩ።

የሞተ ሣጥን ያወድሳሉ። ሽማግሌ ሆኖ አለማወቅ እንዴት ያሳዝናል።

ሰኞ

ከትምህርት ቤት ስወጣ ሰማዩ ጠቁሯል። መጀመሪያው ነጎድጓድ መንገድ ላይ ደረሰብኝ። ጫማዬን በእጄ ይዤ ሮጥኩ። ሣሎን ስገባ ሳንባዬ ሊወጣ ነው። ስፒከሩ ጀርባ እጄን ሰደድኩ።

ተነቅሏል።

ስፒናው መሬት ላይ፣ ሽቦው በሥርዓት ተጠቅልሎ። ሣሎን ውስጥ ማንም የለም። እናቴ አልገባችም፤ አባዬ ጓዳ ውስጥ ጥርስ ይሞርዳል። የቮልት ጃንጥላ ግን በሩ ላይ ተንጠልጥሏል!

ገባኝ። መብራቷ መጥፋቷን አውቋል። አፍሮ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሹልክ ብሎ መጥቶ፣ ነቅሎ ሄዷል። በርጩማዬን ወሰደ፣ አባዬን ወሰደ፤ አሁን ደግሞ የቀረችኝን ሥራ!

ረቡዕ

ዳግመኛ ነጎደ። ዳግመኛ ቀድሞኛል። ጃንጥላው ዛሬ የለም። ጎበዝ ሌባ ሁለተኛ ቀን ምልክት አይተውም።

አባዬ ሣጥኑ ላይ እናቴ የሠራችውን የዳንቴል ጨርቅ አልብሶታል፤ ፊቱን ሙሉ በሙሉ። አቧራ እንዳይገባው ነው አለ። ሙሽራ አስመሰለው። ሽማግሌና ዕቃው።

ጉልበቱን ደግሞ ያሻል። ምን ሆንክ ስለው ብርድ ነው ይላል። ቀን ሙሉ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ጉልበቱን ምን ያመዋል?

ሐሙስ

ኩሽና በር ላይ ቆሜ (በአጋጣሚ) የሰማሁት። እናቴ፦ «ሌላ ገዝተን ብንተካውስ፣ ሳያውቅ?» አባዬ፦ «ተይው። ሲጋቡ፣ ቤተኛ ሲሆን እነግረዋለሁ። አሁን ልጁ ያፍራል።»

ስለ ጃንጥላው መሰለኝ። አንድ ዘንጉ ተሰብሯል። ለጃንጥላውም ያስቡለታል ማለት ነው። የእኔ ቦርሳ ዚፑ ከተበላሸ ስንት ጊዜው ነው?

ቅዳሜ፣ እየጠቆረ

እህቴና ቮልት ኩሽና ናቸው፤ ሽንኩርት እየላጡ ይሳሳቃሉ። ሰማዩ ድስት ክዳን መስሏል። ዛሬ እጅ ከፍንጅ እይዘዋለሁ። ይህን የምጽፈው ከግራው ስፒከር ጀርባ፣ አገጬ ጉልበቴ ላይ፣ ደብተሬ ጫማዬ ላይ ሆኖ ነው። ስፒናው ፊቴ ነው። ሸክላው ይዞራል። አባዬ ከፍቶት ነው ወደ ጓዳ የገባው።

ስይዘው የምለውን አዘጋጅቻለሁ። «በዚህ ቤት ነቃይ አለ» እላለሁ። ከዚያ መብራቷን አሳየዋለሁ። ከዚያ ሁሉም ይሰበሰባሉ። ከዚያ ምናልባት ብሩሹን እመልስለታለሁ። ብሩሹን ላስብበት።

ነጎደ።

እግር። ይመጣል። ከኩሽና በኩል አይደለም።

ነጠላ ጫማ ነው። አንደኛው ይጎተታል።

አባዬ።

ድምፁን ቀነሰ። መርፌውን አነሣ። አጠፋ። ቅደም ተከተሉን አልሳተም። ግድግዳውን ይዞ «ወይ ጉልበቴ» እያለ ተንበረከከ። እጁ ፊቴ ድረስ መጣ፤ የጥርስ ዱቄቱ ጣቶቹ ላይ አለ። ነቀለ። ሽቦውን ጠቀለለ። እኔን አላየም። ዳንቴሉን ገለጥ አድርጎ የጠፋችውን መብራት አየና እንደ ሰው አናገራት። «አንቺ የድርሻሽን ተወጥተሻል» አላት። መልሶ ሸፈናት።

ከኩሽና ቮልት ጮኸ፤ «አባዬ፣ ነጎደ እኮ፣ ደህና ነው?»

«ሣጥንህ እያለ ምን ይነካዋል ልጄ!»

ውሸታም። አባቴ እንዴት ያለ ውሸታም ነው።

አሁን ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ሣሎኑ ጨልሟል። መጻፌን ላቆም ይገባል፤ አልቻልኩም። በእግሩ አንድ ነገር እየገፋ ነው፤ ቀስ እያደረገ፣ ወደ ጎኑ። በርጩማዬ ነው። ባዶ ነው። ባዶውን እያየ ያንጎራጉራል፤ ዘፈኑ ከቆመበት።

ሰኞም እንዲህ ነበር? ረቡዕስ? እኔ በሌለሁበት ከበሮውን ማን መታለት?

ቦታው እየደረሰ ነው። ከበሮው ብቻውን የሚገባበት። ዝም አለ።

ዝም እንዳለ ነው።

እጄ ነው፤ እኔ አይደለሁም። እስክሪብቶው የስፒከሩን ጀርባ መታው፤ ደግሞም መታው፤ እስከ መጨረሻው

«ፊውዝ» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር። «አንድ ምት ዘገየሽ።»